መጀመሪያ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወደ ቤት፦ የአማተር ራዲዮ አንቴና ኬብልን ከቤት ወደ ውጭ ስለ ማውጣት

በአማኑኤል ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



 በተወለድሁበትና ፊደል በቆጠርሁበት ከተማ ቆሜ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

ፋኩልቲያችን ለሕዝብ ከሚያቀርባቸው ንግግሮች አንዱን እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ሰፋ ያለ ርእስ እንድመርጥ የመከሩኝ ባልደረቦች ነበሩ። እኔ የመረጥሁት ግን ርዝመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ነገር ነው። እርሱም የአማተር ራዲዮ አንቴና ኬብል ግድግዳን ወይም መስኮትን አልፎ ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦታ ነው። ስለ አንቴና የሚያስተምሩ መጻሕፍት ስለ ሽቦው ርዝመት፣ ስለ ከፍታውና ስለ አቅጣጫው ብዙ ይናገራሉ። ኬብሉ ቤት የሚገባበትን ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ ብልሃት ይተዉለታል። በሕይወቴ ካየኋቸው ጉዳቶች ሁለቱ በዚያች ቀዳዳ የገቡ ናቸው፤ አንዱ በእሳት መጣ፣ ሁለተኛው በውሃ። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የማስረዳችሁም ያንን ነው፤ ኬብል ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ መሬት ይውረድ።

በመጀመሪያ የእሳቱን ልንገራችሁ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ በዚህችው ከተማ እህል ይነግዱ ነበር። በሰፈራችን አጭር ሞገድ የሚስብ ጥሩ ራዲዮ የነበራቸው እርሳቸው ነበሩ። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965 ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ፣ እንደ እርሳቸው ያሉ አድማጮች በየከተማው ማታ ማታ ጎረቤት ሰብስበው ያደምጡ እንደ ነበር በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ። የራዲዮው የራሱ አንቴና ድምፁን በደንብ አልስብ ስላላቸው፣ አጎቴ ከቤቱ ክዳን ጫፍ አንሥተው በጓሮ እስካለው ረጅም ባሕር ዛፍ ድረስ የመዳብ ሽቦ ወጠሩ። የሽቦውን ጫፍ በመስኮቱ መዝጊያ ስንጥቅ አሾልከው አስገቡና በራዲዮው አንቴና ላይ ጠመጠሙት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። እኛም ልጆቹ ያንን ሽቦ እንደ ትልቅ ጥበብ እናየው ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጮቄ ተራራ በኩል ጠቆረ። አጎቴ መብረቅ እንደሚያሰጋ ያውቁ ስለ ነበር ሽቦውን ከራዲዮው ሊነቅሉ ተነሡ። እጃቸው ሽቦው ላይ ባረፈበት ቅጽበት መብረቁ ባሕር ዛፉን መታው። ራዲዮው ፈነዳ፤ አጎቴም ከግድግዳው ሥር ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች። ነገር ግን የቀኝ እጃቸው ጣቶች እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በደንብ አልተጨበጡላቸውም፤ አንድ ጆሯቸውም አልሰማ አለ። ራዲዮ የሚወዱ ሰው ናቸውና፣ የጆሯቸው ነገር ከእጃቸው ይልቅ ያሳዝናቸው ነበር።

በሰፈሩ የተባለው ‹መብረቁን ሽቦው ጠራው› ነው። ይህ አባባል ለብዙ ዘመን በልቤ ሲጉላላ ኖሮ፣ በኋላ የኤሌክትሪክ ምህንድስና እንድማር ያደረገኝም እርሱ ይመስለኛል። ዛሬ እንደማውቀው፣ መብረቁን የሳበው ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ዛፍ ነው፤ ዛፉ ሽቦ ባይታሰርበትም ሊመታ ይችል ነበር። የሽቦው ጥፋት ዛፉን የመታው ኃይል ወደ ቤት የሚገባበትን መንገድ መክፈቱ ነው። ከዛፉ እስከ ራዲዮው ድረስ ባለው መንገድ ሁሉ፣ ያ ኃይል ወደ መሬት የሚወርድበት አንድ ስፍራ እንኳ አልተዘጋጀለትም ነበር። ስለዚህ ያገኘውን መንገድ ያዘ። ያገኘው ደግሞ የአጎቴን እጅ፣ አካላቸውን፣ በመጨረሻም የቆሙበትን የአፈር ወለል ነበር።

እንግዲህ ‹አደጋ ካለው ሽቦውን ከቤት ውስጥ ብናስቀምጠው አይሻልምን?› የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ በቤታችን ክዳን ላይ ይገኛል።

አማተር ራዲዮ ማለት ገንዘብ ለማግኘት ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና ከሌሎች ጋር ለመገናኘት ሲባል ፈቃድ ባላቸው ግለሰቦችና ክበባት የሚካሄድ የራዲዮ ግንኙነት ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ናት። የጣቢያዎቿ የጥሪ ስም ‹ኢ ቲ› በሚሉት ፊደላት ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያም ‹ኢ ቲ 3 ኤ ኤ› ይባላል። ከኢትዮጵያ በአማተር ሞገድ የሚሰማ ጣቢያ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይህ ስም በሌላው ዓለም ባሉ አማተሮች ዘንድ እጅግ ይፈለጋል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስገንዝብ። የማስተላለፊያ ራዲዮ ለመጠቀም የሚፈልግ ሁሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የዛሬው ንግግሬ ፈቃዱ ካለ በኋላ ስላለው የቤት ሥራ ነው።

አማተሮች በብዛት ከሚጠቀሙባቸው ሞገዶች አንዱ በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 42 ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ሞገድ የሚበጀውና በቀላሉ የሚሠራው አንቴና፣ በመካከሉ ተቆርጦ ከኬብል ጋር የሚያያዝ፣ የሞገዱን እኩሌታ ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ነው። ስሌቱም 143ን በሜጋኸርዙ ቁጥር ማካፈል ነው። በዚህም መሠረት ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ያህል ሽቦ፣ ማለትም በግራ 10፣ በቀኝ 10 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን የሚያዘረጋ ክፍል በከተማችን ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ቢኖራቸውም እንኳ ክዳናችን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሞገድን ይመልሳል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደውን ምልክት ከመነሻው ያግደዋል። ስለዚህ ሽቦው ከቤት ውጭ፣ ከክዳኑ ከፍ ብሎ መዘርጋት ግድ ይሆንበታል። ራዲዮው ግን ከዝናብ ተጠልሎ ከቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን የሚያገናኘው ኬብል ግድግዳውን ማለፉ አይቀርም።

አሁን ወደ ኬብሉ እንምጣ። ለዚህ ሥራ የሚውለው በአብዛኛው ኮአክሲያል ኬብል ነው፤ በመካከሉ አንድ የመዳብ ሽቦ፣ በዙሪያው ፕላስቲክ፣ ከዚያ እንደ መረብ የተጠለፈ መዳብ፣ ከላይ ጥቁር ልባስ ያለው። የዲሽ ኬብል የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነታቸው የዲሹ በ75 ኦም፣ የአማተር ራዲዮው በ50 ኦም የተሠሩ መሆናቸው ነው። ቀጭኑ፣ አርጂ 58 የሚባለው፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ለማጠፍና ለማሾለክ ይመቻል፤ ነገር ግን በ14 ሜጋኸርዝ 30 ሜትር ያህል ሲሄድ የተላከበትን ኃይል ሲሶ ገደማ በመንገድ ያባክናል። ወፍራሙ፣ አርጂ 213፣ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የሚያባክነውም የዚያን እኩሌታ አይሞላም። ዳሩ ግን ወፍራሙን በቀዳዳው ዘንድ በኃይል ማጠፍ አይገባም። ከኬብሉ ውፍረት ቢያንስ አምስት እጥፍ የሆነ ክብ ሠርቶ መዞር አለበት፤ አለዚያ የውስጡ ሽቦ ከመካከሉ ይሸሻል፣ ጠባዩም ይለወጣል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች ያሉት መሰላል መሰል መስመርም አለ። ብክነቱ ከሁሉ ያነሰ ነው። ሆኖም ከብረት ጋር ሲጠጋ ስለሚታወክ፣ ቆርቆሮ ሥር አስጠግቶ ማሳለፍ አይቻልም። ስለዚህ ለቤቶቻችን ኮአክሲያሉን እመክራለሁ።

ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኬብሉ 10 ሚሊሜትር ቢሆንም፣ በጫፉ የሚገጠመው ማገናኛ ወደ 20 ሚሊሜትር ይጠጋል። ማገናኛውን አስቀድሞ የገጠመ ሰው ሰፊ ቀዳዳ ለመቦርቦር ይገደዳል። ኬብሉን አሳልፎ ከዚያ በኋላ ማገናኛውን በስታኞ የሚበይድ ግን በጠባብ ቀዳዳ ይገላገላል። ብየዳው በመሰላል ላይ ሆኖ ከሚሠራ በጠረጴዛ ላይ ቢሠራ እጅግ ይሻላልና፣ እኔ ሰፋ ያለ ቱቦ መቅበርን እመርጣለሁ።

ወደ ቤት የሚያስገቡት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ መስኮት፣ ግድግዳ፣ በክዳኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት።

የመስኮቱ መንገድ ለተከራይ ይበጃል፤ ቤቱን አይጎዳምና። ከመስኮቱ አንዱን መስተዋት አውጥቶ በልኩ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ወይም ላሜራ መተካት ነው። ተከራዩ ሲለቅ መስተዋቱን ይመልሳል። በሳንቃው ላይ ከሁለት ወገን ኬብል የሚቀበል ማገናኛ ቢገጠም፣ የውጩ ኬብል በውጭ፣ የውስጡ በውስጥ ይቀራል። ኮምፔንሳቶ ዝናብ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ጠርዙን ጭምር በዘይት ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። የመስኮቱንም መቆለፊያ አትርሱ፤ ለኬብል የተከፈተ መስኮት ለሌባም የተከፈተ እንዳይሆን።

የክዳኑ መንገድ በከተማችን የዲሽ ሠራተኞች የሚያዘወትሩት ነው። መቦርቦር አይጠይቅም። ሆኖም የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። ነፋስ ኬብሉን ባወዛወዘው ቁጥር ልባሱን እየፋቀ ውስጡን ያጋልጠዋል። በዚህ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ኬብሉ ከቆርቆሮው በሚነካካበት ቦታ የውሃ ጎማ ሰንጥቆ ያልብሰው። ከሁሉ የከፋው ጉድለቱ ግን ኬብሉ ከላይ መጥቶ ከላይ መግባቱ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

ሦስተኛው፣ የግድግዳው መንገድ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት እነግራችኋለሁ፤ ሁለተኛው፣ በውሃ የመጣው ጉዳት ይህ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ፣ ለማድመጥ ብቻ የሚሆን አንቴና በእናቴ ቤት ጓሮ በአጣና ላይ ሰቀልሁ። የእናቴ ቤት እንደ አብዛኞቻችን ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው። ቋሚውን እንዳልነካ ግድግዳውን እያንኳኳሁ ባዶውን ቦታ ፈለግሁ፤ ይህን በትክክል አድርጌአለሁ። ስቦረቡር ግን መሰላል ላይ ቆሜ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች አዘንብዬ ቦረቦርሁ። ኬብሉንም ከአጣናው ጫፍ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ወጠርሁት። ከሩቅ ሲታይ ያምር ነበር።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ በኬብሉ ላይ እየተንሸራተተ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይወርድ ጀመር። በቀን ጥቂት ጠብታ ነውና ማንም አላየውም። ምርጉ ከውስጥ እየራሰ ሄዶ አንድ ሌሊት ተንዶ ወደቀ። ከሥሩ የእናቴ ጎታ ነበረ። ስንከፍተው ለዘር የተቀመጠው ገብስ በግድግዳው ወገን ያለው በቅሏል። እናቴ የበቀለውን በእፍኟ ይዛ፣ ‹ልጄ፣ ዝናብ ሽቦ ተከትሎ እንደሚሄድ በትምህርት ቤት አልነገሩህም?› አለችኝ። ‹አልነገሩኝም፣ እማዬ› አልኋት። እውነቴን ነው፤ አልነገሩኝም። ያን ዓመት ለዘር የጎደለውን ከጎረቤት ተበድረን ነው የተዘራው።

ጥፋቴን አንድ በአንድ ላፍታታው። አንደኛ፣ ቀዳዳው ወደ ውጭ ማዘንበል ነበረበት። ግድግዳው 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ የውጩ አፍ ከውስጡ በ2 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። ሁለተኛ፣ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ኬብል ራቁቱን አይገባም። የፕላስቲክ ቱቦ መቅበር፣ በቱቦው ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጭድ ጭቃ፣ ቤቱ ብሎኬት ከሆነም በሲሚንቶ መምረግ ያስፈልጋል። ቱቦው ከግድግዳው ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉት መታጠፊያ ወደ ታች ዞሮ ቢገጠምለት ነፋስ የሚያመጣው ዝናብ አይገባበትም። በቱቦውና በኬብሉ መካከል ያለውን ክፍተት በሽቦ ወንፊትና በስፖንጅ መጠቅጠቅ አይጥንም ነፍሳትንም ይከለክላል፤ ኬብል ለመለወጥ ሲፈለግም ይወጣል።

ሦስተኛውና ዋናው ጥፋቴ ኬብሉን በቀጥታ ወደ ቀዳዳው መወጠሬ ነው። ውሃ በኬብል ላይ የሚሄደው ቁልቁል ነው፤ ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ ኬብሉ ከቀዳዳው በታች ወርዶ፣ ዞሮ፣ ወደ ቀዳዳው ሽቅብ ቢመጣ፣ ውሃው ከመታጠፊያው በታች ይንጠባጠባል እንጂ አይገባም። ያች ዝቅ ያለች እጥፋት የእናቴን ገብስ ታድነው ነበር።

ውሃ በኬብሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በኬብሉ ውስጥም ይሄዳል። የውጭ ማገናኛ ካልታሸገ፣ ያ የተጠለፈ መዳብ እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን እየመጠጠ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መዳቡ ይጠቁራል፤ የሚያባክነውም ኃይል ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ ከውጭ ያለ ማገናኛ ሁሉ፣ ሲሳብ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ናስትሮ፣ ከላዩም በተራው ናስትሮ መጠቅለል አለበት። አጠቃለሉም የሣር ክዳን እንደሚከደነው ነው፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ የላይኛው በታችኛው ላይ እየተደረበ። ከላይ ወደ ታች የተጠቀለለ ናስትሮ በየእጥፉ ውሃ ያቁራል።

አሁን ወደ መብረቁ ልመለስ።

የተለመደ መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ጅረት ይሸከማል። አስቸጋሪው መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም ነው። በአንድ ማይክሮሰከንድ ውስጥ 10,000 አምፔር ቢጨምር፣ ቀጥ ያለ አንድ ሜትር ሽቦ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 10,000 ቮልት ያህል ልዩነት ይፈጥራል፤ ሽቦው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን። ከዚህ የምንማረው ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ አጭርና ቀጥ ያለ መሆን እንዳለበት ነው። አምስት ሜትር ዞሮ፣ ሁለት ቦታ ታጥፎ ወደ መሬት የሚሄድ ሽቦ ለመብረቅ እንደ ተዘጋ መንገድ ነው፤ ኃይሉ በቅርብ ያለውን፣ ማለትም ራዲዮውንና ሰውየውን ይመርጣል።

ስለዚህ መሬቱ ከቤት ውጭ፣ ከቀዳዳው ሥር መሆን አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። 2.4 ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ መዳብ የለበሰ የብረት ዘንግ ከቀዳዳው ትይዩ በመሬት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይተከላል። ከዘንጉ በላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ጉልበት በሚደርስ ቦታ፣ ክዳን ያለው ሳጥን በግድግዳው ላይ ይታሰራል። ከአንቴናው የመጣው ኬብል ግድግዳውን ይዞ ወደዚህ ሳጥን ይወርዳል። በሳጥኑ ውስጥ አሬስተር የሚባለው መሣሪያ ይገጠማል። እርሱም በውስጡ ጋዝ ያለበት ትንሽ ቱቦ ሲሆን፣ በተለመደው ጊዜ ምልክቱን ያሳልፋል፤ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ግን በቅጽበት ወደ መሬት መንገድ ይከፍታል። ከአሬስተሩ እስከ ዘንጉ ከ16 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ የመዳብ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከሳጥኑ ቀጥሎ ኬብሉ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ቀዳዳው ይገባል።

ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ኬብሉ ለመብረቁ ሲባል ወደ መሬት ወረደ፤ ከዚያ ወደ ቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። ይህ ቀደም ብለን ለዝናቡ ያስፈለገን እጥፋት ነው። ውሃውም መብረቁም ቁልቁለቱን ይዘው ይወርዳሉ፤ ሽቅብ የሚወጣው ምልክቱ ብቻ ነው። የአጎቴን እጅና የእናቴን ገብስ የጎዳው አንድ ዓይነት ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ይህን ስሠራ ነው። በክዳኑ በኩል ከላይ መጥቶ ከላይ የሚገባውን ኬብል የነቀፍሁትም ስለዚህ ነው።

ስለ አፈራችን ጥቂት ልጨምር። ቀዩ አፈራችንም ዋልካውም በክረምት እርጥበት ስለሚይዙ ጅረትን በደህና ይቀበላሉ። በበጋ ግን ዋልካው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ዘንጉ ዘንድ ከደረሰ ብረቱ ከአፈሩ ይለያል። ስለዚህ ዘንጉ አጭር መሆን የለበትም፤ እርጥበት ወዳለበት ጥልቀት መድረስ አለበት። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛውን አምስት ሜትር ያህል አርቆ ተክሎ ማገናኘት ነው። ‹ጨው ብንጨምርበትስ?› ለሚሉኝ፣ ጨው ለጊዜው ይረዳል፤ ውሎ አድሮ ብረቱን ይበላዋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የአንቴናው መሬትና የቤቱ የመብራት መሬት በወፍራም የመዳብ ሽቦ መገናኘት አለባቸው። ለየብቻቸው ከሆኑ፣ መብረቅ አንዱን ሲመታ በሁለቱ መካከል ብዙ ሺህ ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ሁለቱ የሚገናኙት ደግሞ በአንድ በኩል አንቴና፣ በሌላ በኩል ሶኬት በተሰካበት ራዲዮ ውስጥ ነው። በየቤታችሁ ቆጣሪ ዘንድ የመሬት ሽቦ መኖሩን በባለሙያ አስፈትሹ። እናንተው በቆጣሪው ላይ እጃችሁን እንዳታሳርፉ አደራ። አጣናም ስታቆሙ፣ ቢወድቅ የመብራት መስመር ከማይደርስበት ርቀት ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን፣ አንቴናውን በቀጥታ የሚመታ መብረቅን ሙሉ በሙሉ የሚያቆም መሣሪያ የለም። ስለዚህ የመጨረሻው ጥበቃ መንቀል ነው። የሚነቀለውም ከቤት ውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ ከሳጥኑ ነው፤ የተነቀለው ጫፍ በራዲዮው አጠገብ ተንጠልጥሎ ከቀረ መብረቁን ወደ ክፍላችን ጋበዝነው ማለት ነው። የሚነቀለውም ደመናው ከመምጣቱ በፊት ነው። ድምፅ አንድ ኪሎሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ብልጭታውን አይታችሁ 30 እስክትቆጥሩ ድረስ ነጎድጓዱ ከተሰማ፣ መብረቁ በ10 ኪሎሜትር ውስጥ ነው፤ ያኔ የመንቀያው ሰዓት አልፏልና ኬብሉን አትንኩት፤ ከእርሱ ራቁ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። አጎቴ መንቀል እንደሚገባ ያውቁ ነበር፤ የጎዳቸው የነቀሉበት ሰዓትና የነቀሉበት ቦታ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ የእኔ ልማድ ራዲዮውን በማልጠቀምበት ሰዓት ሁሉ ኬብሉን ነቅሎ መተው ነው።

ምናልባት ከእናንተ አብዛኞቻችሁ በልባችሁ ‹እኛ አማተር ራዲዮ የለን፤ ይህ ምን ያደርግልናል?› ብላችሁ ይሆናል። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ቀና ብላችሁ ክዳኖቹን ተመልከቱ። በየክዳኑ ላይ ዲሽ አለ፤ ከየዲሹም ኬብል ወርዶ በመስኮት ወይም በቆርቆሮ ሥር ይገባል። ብዙው ከላይ መጥቶ ከላይ የሚገባ ነው። ስለ አንቴና የተናገርሁት ስለ እርሱም ነው።

ባለፈው የበጋ ወራት የአጎቴን ባለቤት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። በዕድሜ ገፍተዋል፤ የሚኖሩት በዚያው ቤት ነው። ልጆቻቸው ዲሽ ተክለውላቸዋል። ኬብሉ የገባው አጎቴ ሽቦአቸውን ባስገቡበት በዚያው መስኮት መሆኑን ሳይ ደነገጥሁ። እርሳቸው ግን ከጮቄ በኩል ትንሽ ዳመና ባዩ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ይነቅሉ ኖሯል። የዲሹ ኬብል ግን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንደ ተሰካ ይቀራል። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። በማግሥቱ ከአክስቴ ልጆች ጋር ሆነን ዘንግ ተከልን፣ ሳጥን አሰርን፣ ኬብሉን አውርደን በግድግዳው በአዲስ ቱቦ አስገባነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ስንጨርስ ወጥተው ሳጥኑን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉና፣ ‹አሁን ወደ መሬት ወርዷል ማለት ነው?› ብለው ጠየቁኝ። ‹አዎን፣ እትዬ፣ ወርዷል፤ መንቀሉን ግን አይተዉ› አልኋቸው። ‹እርሱንስ አልተውም› አሉ። የመስኮቱንም ስንጥቅ በጭቃ አስደፈኑት።

ተማሪዎቻችን እንዲሁ ያለ ሳጥን፣ ቱቦና ዘንግ ከአዳራሹ ውጭ በናሙና አዘጋጅተዋል። በእጃችሁ እየነካችሁ እንድታዩት፣ ያልገባችሁንም እንድትጠይቁ በትሕትና እጋብዛለሁ።